አፈሩ እኮ አንድ ነው፦ ቅጠል ካርቦንዳይኦክሳይድ ሲከለከል በአይናችን ያየነው

የእህቴ ልጅ 9ኛ ክፍል ናት፣ የፎቶሲንተሲስን (ተክል በፀሀይ ብርሃን ምግቡን የሚሰራበትን) ቀመር በቃሏ ነው የምትወጣው፣ ግን አንድ ማታ "ጋሼ፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ ባይኖርስ፣ ተክሉ ምግቡን ከአፈር አያገኝም እንዴ?" ስትለኝ በወሬ ማስረዳት አቃተኝና በቃ ሞክረን እንየው ተባባልን።

እዚህ አዘዞ ግቢያችን በጣሳ የበቀለ አደንጓሬ አለ። መጀመሪያ 2 ቀን ሙሉ ጨለማ ጓዳ አስቀመጥነው፣ ቅጠሉ ላይ የተጠራቀመው ስታርች፣ ማለትም ተክሉ ሰርቶ ያስቀመጠው ምግብ፣ እንዲያልቅ ነው፣ ይሄን ከዘለላችሁ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ከዛ ካርቦንዳይኦክሳይዱን የሚመጥልን ነገር ስንፈልግ ኖራ ትዝ አለኝ። የፋሲል ግንብ ድንጋዩ የተያያዘው እኮ በኖራ ነው፣ ኖራ ደግሞ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦንዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው፣ ይሄን ስነግራት ማመን አቃታት።

የመጀመሪያው አልተሳካም። ጣሳውን እንዳለ ከኖራው ጋር ትልቅ ፌስታል ውስጥ አስረን ፀሀይ ላይ አዋልነው፣ ቅጠሉ ግን በአዮዲን ሲፈተሽ ጠቆረ፣ አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ነው የሚጠቁረው፣ ስለዚህ ቅጠሉ ስታርች ሰርቷል ማለት ነው። ሳስበው ለካ አፈሩም ይተነፍሳል፣ ስሩም አፈር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ካርቦንዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፣ እኛ በራችንን ዘግተን ሌባውን ከውስጥ ትተነዋል።

ሁለተኛ ዙር እንደገና 2 ቀን ጨለማ፣ አሁን ግን አንድ ቅጠል ብቻ ሳንቆርጥ ሃይላንድ ውስጥ ከተትን፣ ከሃይላንዱ ታች እርጥብ ኖራ (እጅ ስለሚበላ በጓንት)፣ አፉን በጥጥና በቫዝሊን ደፈንን። ሌላ ቅጠል ደግሞ ልክ እንደዛው፣ በኖራው ፈንታ ግን ካርቦንዳይኦክሳይድ እንዲለቅ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ። ከጠዋቱ 3 ሰአት እስከ 10 ሰአት ፀሀይ መቷቸው ዋሉ።

ቆርጠን የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር አደረግናቸው፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን ማውጣት ነው። እናቴ ዳግም አረቄ ሰጥታን ነበር ግን በደንብ አላወጣውም፣ ከፋርማሲ 70 ፐርሰንት አልኮል ገዛሁ። አደራ አልኮል እሳት ላይ እንዳትጥዱ፣ እኔ ከሰሉን አርቄ ብርጭቆውን የፈላ ውሃ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። ቅጠሎቹ ነጣ ብለው ሲወጡ አጥበን አዮዲን ጠብ ጠብ አደረግንባቸው፣ የቤኪንግ ሶዳው ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፣ የኖራው የአዮዲኑን ቡኒ እንደያዘ ቀረ።

ዝም ብላ ስታይ ቆየችና "አፈሩ እኮ አንድ ነው፣ ስሩም አንድ ነው" አለች። አዎ፣ አፈር ናይትሮጅኑን ምናምኑን ይሰጣል፣ ስታርቹ የተሰራበት ካርቦን ግን አየር ውስጥ 0.04 ፐርሰንት ብቻ ካለው ከዛ ጋዝ ነው የሚመጣው።