«አላውቅም፣ እመቤቴ»

የሼክስፒርን ተውኔት ኦቴሎን መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ዓይኔ የጦር አዛዡን ኦቴሎን ከሚያታልለው ከባንዲራ ያዡ ከኢያጎ ላይ አልነቀል ብሎ ነበር። ሰውየው ብቻውን መድረኩ ላይ ቆሞ ተንኮሉን ገና ሲጠነስሰው ለእኛ ስለሚነግረን፣ ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ትከሻ ላይ ጭኜ መጽሐፉን አጠፍኩት። ሰሞኑን ከዳር እስከ ዳር ደግሜ ሳነበው ግን ሦስተኛው ገቢር፣ አራተኛው ትዕይንት ላይ ከአንዲት አጭር መልስ አላልፍ አልኩ። የኦቴሎ ሚስት ዴዝዴሞና የጠፋባትን ዕቃ እያሰበች «ያን መሐረብ የት ጥዬው ይሆን፣ ኤሚሊያ?» ስትል፣ አገልጋይዋ ኤሚሊያ «አላውቅም፣ እመቤቴ» ብላ ትመልስላታለች። ታውቃለች። መሐረቡን ከወደቀበት አንስታ ለባሏ ለኢያጎ የሰጠችው እሷው ናት።

አወዳደቁን ቀስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሚስትህ ከምክትልህ ከካሲዮ ጋር ትወሰልታለች እያለ ኢያጎ በጥርጣሬ ሲለበልበው የቆየው ኦቴሎ ግንባሩን እንዳመመው ይናገራል፤ ሚስቱም ልታስርለት መሐረቧን ታወጣለች። «መሐረብሽ ትንሽ ነው፤ ተዪው» ይላታል፤ በዚያች ቅጽበት መሐረቡ ይወድቅና ሁለቱም ልብ ሳይሉት ይወጣሉ። ኋላ «መሐረቡን አምጪ!» እያለ ነፍሷን የሚያስጨንቅበት ዕቃ ከእጇ የወጣው እንግዲህ የእሱን ሕመም ልታስታግስ ስትል ነው። ኤሚሊያ ታነሳዋለች፤ ባሏ መቶ ጊዜ እንድትሰርቅለት ለምኗታል፣ እሷም እመቤቷ መሐረቡን እንደ ሰው እየሳመችና እያናገረች እንደምትይዘው አይታለች። ለምን እንደፈለገው ግን አታውቅም፤ ደስ ይበለው ብላ ብቻ ትሰጠዋለች። ወዲያው ደግሞ ልቧ ይደነግጥና፣ ለቁም ነገር የማትፈልገው ከሆነ መልስልኝ፣ ምስኪኗ እመቤቴ ስታጣው ታብዳለች ትለዋለች። የኢያጎ መልስ ቁርጥ ያለ ነው፦ አላየሁም፣ አላወቅሁም በይ፤ እኔ ሥራ አለኝ፤ አሁን ሂጂ።

«አላውቅም፣ እመቤቴ» የሚለው ቃል እንግዲህ ከዚህ የመጣ ነው። ባሏ ያዘዛትን በአፏ ፈጸመች። ኢያጎ ብዙ ሰው ያታልላል፣ ዴዝዴሞናን የሚወዳት ሰው ግን አንዲት ቃል ብቻ መዋሸት ነበረበት፤ እኔን ዛሬም የሚከነክነኝ ይህ ነው።

ሼክስፒር ይህን ሆን ብሎ እንዳደረገው የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ታሪኩን የወሰደው ቺንቲዮ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1565 ካሳተመው የተረቶች ስብስብ ሲሆን፣ ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1604 በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እንደታየ በመዝገብ ሰፍሯል። በቺንቲዮ ትረካ መሐረቡን የሚሰርቀው በኢያጎ ቦታ ያለው ባንዲራ ያዡ ራሱ ነው፤ የሦስት ዓመት ሴት ልጁን ዴዝዴሞና አቅፋ ስታጫውት፣ እሱ ከወገቧ ላይ መሐረቡን ይመነትፋል። ሚስቱ የተንኮሉን ምስጢር ታውቃለች፤ ባሏን ስለምትፈራ ግን ዝም ትላለች። ሼክስፒር ሕፃኗን አስወጣትና መሐረቡን በሚስትየው እጅ አሳለፈው፤ የተንኮሉን ዕውቀት ደግሞ ከእሷ ላይ ወሰደ። ኤሚሊያ እጇ በነገሩ ውስጥ አለበት፣ ነገሩን ግን አታውቀውም። ይህ ለውጥ ከመላው ተውኔት ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የደራሲ ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም ፈርታ ዝም ያለችን ሴት ማዘንላት ቀላል ሲሆን፣ ባሏን ለማስደሰት ብላ ትንሽ ነገር ያደረገችን ሴት ስናይ ግን እያንዳንዳችን ራሳችንን እናስታውሳለን።

ወደዚያው ትዕይንት ልመለስ። ኦቴሎ ይገባና መሐረቡን ይጠይቃል። አንዲት ግብፃዊት ጠንቋይ ለእናቱ የሰጠቻት፣ የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ ያላት ነቢይት የጠለፈችው፣ የጠፋ ቀን የባልን ፍቅር ይዞ የሚጠፋ እንደሆነ ይተርክላታል። ዴዝዴሞና ከድንጋጤዋ የተነሳ «አልጠፋም» ብላ ትዋሻለች። ኤሚሊያ ይህን ሁሉ እዚያው ቆማ ትሰማለች። ሰውየው እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ የምትጠይቀው «ይህ ሰው ቀናተኛ አይደለምን?» ብላ ነው። ቅናት ምክንያት አያሻውም፣ ራሱን በራሱ ፀንሶ ራሱን የሚወልድ አውሬ ነው ስትልም በተውኔቱ ውስጥ ስለ ቅናት ከተነገረው ሁሉ እውነተኛውን ትናገራለች። «መሐረቡ እኮ ባሌ ጋ ነው» የሚለው ግን ከከንፈሯ አይወጣም። (ኦቴሎ በመጨረሻው ትዕይንት ስለዚሁ መሐረብ ሲናገር አባቴ ለእናቴ የሰጣት ነው ይላል። ግብፃዊቷ ጠፍታለች። ከሁለቱ አንዱ ሚስቱን ለማስፈራራት የተፈጠረ ተረት ከሆነ፣ እሱም አታሏታል ማለት ነው።)

ቶማስ ራይመር የተባለ እንግሊዛዊ ሐያሲ እ.ኤ.አ. በ1693 ለአንዲት መሐረብ ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው ብሎ ተውኔቱን ተሳልቆበታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዕቃው ትንሽ በመሆኑ ነው ኤሚሊያ ያለ ጭንቀት አሳልፋ የሰጠችው፤ ወርቅ ወይም ደብዳቤ ቢሆን ኖሮ እጇ ይያዝ ነበር።

ስለ ኢያጎ ብልሃት ብዙ ተጽፏልና አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። በሦስተኛው ገቢር ኦቴሎን የሚጥለው የራሱን ቃል መልሶ በማስተጋባት ነው። ካሲዮ ታማኝ አይደለምን ብሎ ሲጠይቀው «ታማኝ፣ ጌታዬ?» ይላል፤ ምን ታስባለህ ሲለው «አስባለሁ፣ ጌታዬ?» ይላል። ኦቴሎም በሐሳቡ ውስጥ የሚደብቀው አንዳች አስፈሪ ነገር ያለ ይመስል ቃሌን ይደግምብኛል እያለ ይብሰለሰላል። ከዚያ በኋላ መሐረቡ በካሲዮ መኝታ ቤት መጣሉ፣ የካሲዮ ወዳጅ በሆነችው በቢያንካ እጅ መግባቱ፣ ኦቴሎ ተደብቆ የካሲዮን ሳቅ ማየቱ ያንኑ የተከፈተ ቁስል ማስፋት ብቻ ነው።

ይህ ማስተጋባት በመጨረሻው ትዕይንት ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን ግን ያለ ተንኮል። ዴዝዴሞና ታንቃ አልጋዋ ላይ ተዘርግታለች። ኦቴሎ ባልሽ ሁሉን ያውቅ ነበር ሲላት ኤሚሊያ «ባሌ?» ትላለች። እንደገና «ባሌ?» ደግማ «ባሌ?» ኦቴሎ ይሰለቻል፦ «ምን ያደጋግምሻል አንቺ ሴት? ባልሽ አልኩሽ እኮ!» ኢያጎ የሚያውቀውን ለመደበቅ የሌላውን ቃል ይደግም ነበር፤ እሷ የምትደግመው ማወቅ ስለጀመራት ነው። ቀጥሎም «ያኔም ጠርጥሬ ነበር» ስትል አንድ ነገር ይወጣታል፤ ከእኛ በፊት ራሷን የከሰሰችው እሷ ናት።

ኢያጎ ወደ ቤት እንድትሄድ ያዝዛታል። ለባሏ መታዘዝ እንደሚገባት፣ አሁን ግን እንደማትታዘዝ፣ ምናልባትም ከእንግዲህ ወደ ቤት እንደማትመለስ ትናገራለች። ኦቴሎ መሐረቡን ሲያነሳ፣ አፍሽን ያዢ እየተባለች፣ እንደ ሰሜን ነፋስ ያለ ልጓም እናገራለሁ ብላ ታወጣዋለች፦ መሐረቡን ያገኘሁት በአጋጣሚ እኔ ነኝ፣ ለባሌም የሰጠሁት እኔ ነኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ከሁለት ገቢር በፊት ተነግራ ቢሆን ኖሮ የኢያጎ ድር ሁሉ ይበጠስ ነበር። ኢያጎ በዚያው ይወጋትና ይሮጣል፤ ከተያዘ በኋላ ደግሞ ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልናገርም ብሎ አፉን ይዘጋል። ሚስቱ ዝምታውን ስትተው ዝምታው ወደ እሱ ተዛወረ።

ኤሚሊያ እየሞተች አንድ ነገር ብቻ ትለምናለች፦ ከእመቤቴ ጎን አስተኙኝ። ከዚያ ዴዝዴሞና በመጨረሻዋ ምሽት የዘፈነችውን የአኻያ ዛፍ ዘፈን ታንጎራጉራለች። የተውኔቱ ጽሑፍ ልመናዋ ተፈጸመላት ወይም ተከለከለች አይልም፤ ሥራው ለአዘጋጁ ተትቷል። አዘጋጅ ብሆን በዚያ አልጋ ላይ ቦታ እሰጣት ነበር።