ግጥሙ ሲጠፋባት

ጎንደር የገባሁት የጥምቀት ሰሞን ነው፤ ከ9 ዓመት በኋላ። ለአክስቴ ሹራብና የጉልበት ቅባት ይዤላቸዋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ አልበም ላሰማቸው ጓጉቻለሁ።

አልበሙን ያወቅሁት ዋሽንግተን አካባቢ አዛውንት እየተንከባከብኩ በምኖርበት ጊዜ ነው። የምጦራቸው ሴትዮ በየማታው ሸክላ ያስከፍቱኝ ነበር። የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የጁዲ ጋርላንድ ነው፤ ኒውዮርክ፣ ካርኔጊ ሆል መድረክ ላይ እየዘፈነች የተቀዳ። አብዛኛው የቲያትርና የፊልም ዘፈን ነው። መጀመሪያ አልወደድኩትም፤ ጭብጨባው በዛብኝ። ታሪኩን ሲያጫውቱኝ ግን ልቤን ወሰደው።

ጁዲ ገና በልጅነቷ መድረክ ላይ ያደገች ናት። በፈረንጆች 1939 በወጣ ፊልም ላይ ስለ ቀስተ ደመና ዘፍና ዓለም አወቃት። በ1959 መጨረሻ ጉበቷን ታመመች። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ መዝፈን የለም አሏት። አፕሪል 23 ቀን 1961፣ በእኛ ሚያዝያ 15 ቀን 1953፣ ያ አዳራሽ ጢም ብሎላት ዘፈነች። 38 ዓመቷ ነበር። አልበሙ 13 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ሲሸለም፣ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ሆነች።

እኔ የምወደው ግን አንድ ቦታ አለ። ግጥሙ ይጠፋባታል። አታቆምም፤ እዚያው ቃል እየፈጠረች ትወጣዋለች። አልበሙ ሲወጣ ያንን ቆርጠው አልጣሉትም።

አክስቴ በወጣትነታቸው ፒያሳ አካባቢ አዝማሪ ቤት ይዘፍኑ ነበር። ባላቸው ማሲንቆ ይመታሉ፣ እሳቸው ያዜማሉ። ባላቸው ሲያርፉ ዘፈኑን እርግፍ አድርገው ተዉት።

ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ድምፁ እንዲጎላ ስልኬን ብርጭቆ ውስጥ አቁሜ ጁዲን ከፈትኩላቸው። እንግሊዝኛ አንድም ቃል አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ድንገት እጃቸውን አነሱ።

«እዚህ ጋ ጠፋባት!»

«ምኑ?»

«ግጥሙ ነዋ!»

ክው አልኩ። እንዴት አወቁ?

«ድምጿ ዘወር ብሎ አየ እኮ። የሚሰጣት ፈልጋ ነው።»

እኛ ጋ አዝማሪ ብቻውን አይዘፍንም። ታዳሚው «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ያዜመዋል። ቃል ቢጠፋ ከአንዱ ጠረጴዛ ይመጣል። «እሷን ማን ይስጣት?» አሉ አክስቴ።

አሜሪካ የገባሁ ሰሞን ትዝ አለኝ። ያልሠራሁትን ጥፋት አለቃዬ ሲለጥፍብኝ እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ ዝም ብዬ ቆምኩ። አጠገቤ አንድ የሚያቀብለኝ ሰው አልነበረም። ያንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለአክስቴ ነገርኳቸው። እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ከዚያ ወዲያ ብዙ ኖረች?»

«በ47 ዓመቷ ሞተች፣ እትዬ።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እስቲ ድገሚው» አሉ።

ደገምኩት። ያ ቦታ ሲደርስ አክስቴ ጎሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ድምፃቸው ሻካራ ነበር።

«ቃል የጠፋሽ እንደሁ እንዳትደነግጪ፣
ጎንደር ሰው አለልሽ ዞር ብለሽ አድምጪ።»