የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ

ሰሞኑን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ልንገራችሁ።

እዚህ ሜሪላንድ የሥራ ባልደረቦቼ የቆየ ፊልም ሲኒማ ቤት ገብተው ሊያዩ ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። «ማሚ ዲረስት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ነው፤ ስለ ታዋቂዋ የሆሊውድ ተዋናይት ጆአን ክሮፎርድና በጉዲፈቻ ስላሳደገቻት ልጇ ስለ ክርስቲና የተሠራ። በሩ ላይ ስንደርስ ብዙው ሰው የሽቦ መስቀያ ይዟል። ያ ልብስ ከላውንደሪ ሲመጣ የሚንጠለጠልበት ቀጭን ሽቦ። ለምን እንደያዙት አልገባኝም ነበር። ፊልሙ ውስጥ እናትየው ልጅቷን በዚያው በሽቦ መስቀያ መደብደብ ስትጀምር አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፣ የተያዘው መስቀያ ሁሉ ወደ ላይ ተነሳ፣ ሰው የእናትየውን ንግግር በቃሉ አብሯት ይጮሃል። እኔ ወንበሬን ጨብጬ ቀረሁ። ስክሪኑ ላይ እኮ ልጅ እየተደበደበች ነው።

ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። አብሬያቸው ምሳ የምበላ፣ ልጄ ስትታመም ሥራዬን የሚሸፍኑልኝ ሰዎች ናቸው። ሳቁ ከእነሱ የጀመረም አይደለም። ፊልሙ በወጣ ጊዜ ገና ከመጀመሪያው ተመልካቹ ሲስቅ ስቱዲዮው አየ፤ ብዙም ሳይቆይ ማስታወቂያውን ቀይሮ ራሱ አብሮ ቀለደበት። የዓመቱ መጥፎ ፊልሞች የሚሳለቁበት የራዚ ሽልማት የዚያን ዓመት የከፋ ፊልም ብሎ መረጠው። እናትየውን ሆና የተወነችው ፌይ ደንአዌይም የከፋች ተዋናይት ተባለች። ኦስካር ያሸነፈች ትልቅ ተዋናይት ነበረች፤ ፊልሙ ሥራዬን ጎዳው ብላ በኋላ ተናግራለች።

እኔ ደንአዌይን አልወቅስም። ሴትዮዋን ከነነፍሷ ነው የተጫወተቻት። ችግሩ ፊልሙ በእናትየው መስከሩ ላይ ነው። ቅንድቧ፣ ቀሚሷ፣ ጩኸቷ፣ ካሜራው ከእሷ መላቀቅ አይችልም። ልጅቷ ደግሞ የእናቷን ቁጣ ለማሳየት ብቻ የቆመች ትመስላለች። ተመልካች ካሜራው ያሳየውን ነው የሚከተለው። ጭራቅ ካሳዩት በጭራቅ ይስቃል።

ግን ዓይናችሁን ከእናትየው ነቅላችሁ ትንሿን ልጅ ብቻ ተመልከቱ። ማራ ሆበል ትባላለች። ያን ጊዜ ሌላ ፊልም ነው የምታዩት።

የጽጌረዳውን ትዕይንት ልንገራችሁ። ክሮፎርድ 18 ዓመት የሠራችበትን ኤም ጂ ኤም የተባለውን ስቱዲዮ በ1943 ነው የለቀቀችው። በፊልሙ አለቃው በለሰለሰ ቃል ያሰናብታታል። እዚያ ፊቱ ቁጣዋን አታወጣም። ማታ ቤቷ ትመጣና የምሽት ቀሚሷን እንደለበሰች የጽጌረዳ አትክልቷን በመቀስ ትጨፈጭፋለች፣ ቀጥላ መጥረቢያ አምጪ ትላለች። ልጆቹ በእንቅልፍ ልባቸው ተቀስቅሰው በፒጃማ ወጥተው የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ይሰበስባሉ። እሾህ ነው እኮ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኸው ነው። አለቃዋ ያደረሰባትን የሚከፍሉት እነዚያ ትንንሽ እጆች ናቸው።

አዳራሹ እዚህም ሳቀ።

ክሮፎርድ ማን እንደነበረች ለማታውቁ፣ የተወለደችው ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ነው። ስሟም ሉሲል ልሱር ነበር፤ ጆአን ክሮፎርድ የሚለውን ስቱዲዮው ነው ያወጣላት። አባቷ ገና በጨቅላነቷ ጥሏቸው ሄደ። እናቷ ካንሳስ ሲቲ ላውንደሪ ውስጥ እየሠራች ነው ያሳደገቻት። አዳሪ ትምህርት ቤት ስትገባ ክፍያዋን የምትሸፍነው እያበሰለችና እያጸዳች ነበር፤ እዚያም ትደበደብ እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ፊልሙ ይህን ሁሉ አያሳየንም። ከነዝናዋ ከነቤቷ ነው የሚጀምረው፣ ሌሊት ተነስታ ፊቷንና ክንዷን ስትፈትግ። ይኼ ነው በጣም ያናደደኝ። ምክንያቱም የላውንደሪ ልጅ መሆኗን ካወቃችሁ ያ ሽቦ ሌላ ነገር ይሆናል። የድህነቷ ሽታ ነው። የሰው ልብስ ሲታጠብና ሲተኮስ ያደገች ሴት፣ የልጇ የ300 ዶላር ቀሚስ በዚያው ሽቦ ላይ ተሰቅሎ ስታይ ምን እንደሚሰማት መገመት አይከብድም። ድብደባውን ግን ትክክል አያደርገውም። ከየት እንደመጣ ነው የሚነግረን፤ የተደበደበች ልጅ አድጋ ልጅ ደበደበች።

አሁን ደግሞ ወደ መጽሐፉ። ፊልሙ የተሠራው ክርስቲና ራሷ በ1978 ካሳተመችው መጽሐፍ ነው። እናቷ የሞተችው በግንቦት 1977 ነበር። ገና ዓመት ከምናምን ነው። ሰውም ሙት ወቃሽ አላት። ከኑዛዜው ስለተነቀለች ነው፣ ለገንዘብ ነው ተባለ። መንትዮቹ እህቶቿ፣ እነሱም በጉዲፈቻ ያደጉ፣ እናታችን እንዲህ አይደለችም ብለው ካዱ። ወንድሟ ክሪስቶፈር ግን ከእሷ ጋር ቆመ። የሚገርመው ፊልሙ መንትዮቹን ጨርሶ አላስገባቸውም፤ ቤቱ ውስጥ ሁለት ልጆች ብቻ ያሉ ነው የሚያስመስለው። እኔ ግን ሁለቱም ወገን እውነቱን ሊናገር እንደሚችል አምናለሁ። ከአንድ ቤት የወጡ ልጆች ሁለት የተለያዩ እናቶች ሊኖሯቸው ይችላል። ታላቅየዋ እናቷን ሥራ ባጣችበት፣ በምትጠጣበት፣ ብቻዋን በሆነችበት ዘመን አገኘቻት። ታናናሾቹ ሌላ ሴት አገኙ።

ጊዜውንም አስቡት። የአሜሪካ ሐኪሞች ስለሚደበደቡ ሕፃናት በግልጽ የጻፉት ገና በ1962 ነው። በደሉን ለመከላከል የወጣው የፌዴራል ሕግ የ1974 ነው። ክርስቲና ያደገችው ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ነው። ለማን ትናገር? እናቷ በመጽሔት ላይ ከልጆቿ ጋር ተነስታ የምትወጣ፣ በ1946 ደግሞ ለልጇ መሥዋዕት የሆነች እናትን ተጫውታ ኦስካር የወሰደች ሴት ናት። እሱንም ታምሜያለሁ ብላ ቤቷ ቀርታ፣ አልጋዋ ላይ ሆና ለፎቶ አንሺዎች ፈገግ እያለች ነው የተቀበለችው።

አያቴ እንዲህ ዓይነቱን ሰው «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ትላለች። ይህን ተረት መጀመሪያ የሰማሁት ስለ አንዲት ጎረቤታችን ነው። እድሩ ውስጥ የተከበረች ሴት ነበረች። ለቅሶ ቤት ቀድማ ትደርሳለች፣ ለሁሉም እጇ የተፈታ። ልጇ በዕድሜ እኩያዬ ናት። አንድ ቀን እኛ ቤት እንግዳ መጥቶ ብርጭቆ ስናጥብ ታግዘኝ ነበር። እኔ አለቅልቄ እደፋለሁ። እሷ ግን እያንዳንዱን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ በፀሐዩ ታየዋለች፣ ጠብታ ካገኘች እንደገና ታጥበዋለች። ስድስቱንም። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ስላት «እማዬ ታየዋለች» አለችኝ። ያለነው እኛ ቤት እኮ ነው! ማታ ማታ በግድግዳው በኩል የምንሰማውን ያን ጊዜ ነው ከብርጭቆው ጋር ያገናኘሁት። ትልልቆቹም ይሰሙ ነበር። «እናቷ ናት፣ ምን ታድርግ፣ ልጅ ካልተቀጣ» ይሉና ወሬ ይቀይራሉ። ከአያቴ በቀር ማንም ምንም ያለ አላስታውስም። እሷም ብትሆን ተረቱን ተረተች እንጂ በሩን አላንኳኳችም።

እዚያ ሲኒማ ቤት ስቀመጥ ያቺ ልጅ መጣችብኝ። አሁን የት እንዳለች አላውቅም።

ፊልሙ የሚያልቀው በኑዛዜው ነው። የክሮፎርድ እውነተኛ ኑዛዜም ክርስቲናና ክሪስቶፈር ምንም እንደማያገኙ ይናገራል፤ ምክንያቱን ራሳቸው ያውቁታል ይላል። ለመንትዮቹ ለእያንዳንዳቸው 77,500 ዶላር ተናዘዘች። ለሁለቱ ደግሞ ከመቃብር በላይ የቀረላቸው ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ሳነብ ክርስቲና መጽሐፉን ለገንዘብ ነው የጻፈችው ለሚለው ያለኝ ትዕግሥት አለቀ።

ቅዳሜ ለብቻዬ ቤት ሆኜ ያን ትዕይንት እንደገና አየሁት፣ ሳቅ በሌለበት። ከመስቀያው ዱላ በኋላ እናትየው ልጅቷን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ትጎትታታለች። ፊቷ ላይ ነጭ ክሬም ተለቅልቋል። ወለሉ ንጹሕ አይደለም ብላ ትጮሃለች፤ የማጽጃውን ዱቄት በየቦታው ትበትነዋለች፣ ቆርቆሮውን ልጅቷ ላይ ታሳርፈዋለች። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ የልጅቷ ፀጉር፣ ሁሉም ነጭ ይሆናል። ከዚያ ይህን አጽጂ ብላት ልትወጣ ስትል ልጅቷ ከወለሉ ላይ ሆና አንድ ነገር ትጠይቃታለች። እያለቀሰች አይደለም፣ እየመለሰችላትም አይደለም፤ ከልቧ ነው የምትጠይቀው። «እንዴት?» ትላታለች።

አዳራሹ ውስጥ ያቺን ቃል አልሰማኋትም ነበር።