ሲዲኤል፣ ቢራና ቲኬት፦ ጅማ ሆነው ዲቪ ለደረሳቸው ሾፌሮች

ከጅማ አዲስ አበባ ቡና ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ዲቪ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "እዚያ ሄጄ ከባድ መኪና እነዳለሁ ወይ?" ብሎ ነው። ይነዳል። የጊቤን ቁልቁለት በተሳቢ የወረደ ሰው በመኪናው አይቸገርም። የሚቸገረው በሪከርዱ ነው። ሲዲኤል የሚባለው የንግድ መንጃ ፈቃድ የሚከተለው ሰውየውን ስለሆነ፣ እሁድ በቤት መኪና ጠጥቶ የተያዘ ሰው ሰኞ ትራኩንም ያጣል።

ለተራ ሾፌር የአልኮል ገደቡ 0.08 ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 0.08 ግራም ማለት ነው (ዩታ ላይ 0.05)። ትራክ ለሚነዳ ግን 0.04። "ሁለት ቢራ ምን ያደርጋል?" ለሚል ሒሳቡ ይኸው። 5 በመቶ አልኮል ያለው የ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ በአንድ ሰዓት ሁለቱን ከጨረሰ 0.04 አካባቢ ደርሷል። ሰውነት በሰዓት የሚያወጣው 0.015 ያህል ብቻ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ስምንት ጠርሙስ የጠጣ ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሞተር ሲያስነሳ ገና 0.05 ገደማ ላይ ነው። ተኝቷል፣ ፊቱን ታጥቧል፣ ስካር አይሰማውም፤ መሣሪያው ግን ይይዘዋል። የጅማ ቡናም ቢሆን እንቅልፍ ያባርራል እንጂ አልኮል አያወጣም። ጠጅና አረቄ ደግሞ ኃይላቸው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ለሒሳብም አይመቹ።

ከ0.04 በታች መሆንም ነፃ አያወጣም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባሉት 4 ሰዓታት መጠጣት ክልክል ነው፤ ጥቂትም አልኮል ከተገኘበት ለ24 ሰዓት ከመሪው ይነሳል።

ጥፋተኛ ከተባለ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዲኤሉ 1 ዓመት ይታገዳል፤ የአደገኛ ጭነት ምልክት የለጠፈ ትራክ ሲነዳ ከሆነ 3 ዓመት። ሁለተኛው የዕድሜ ልክ ነው፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ከ10 ዓመት በኋላ ሊመልሱለት ይችላሉ። "አልነፋም" ብሎ ምርመራ መከልከልም ቅጣቱ ያው ነው። በእገዳው ጊዜ "ለእንጀራዬ ብቻ ልንዳ" የሚባል ፈቃድ ለቤት መኪና ሊገኝ ይችላል፤ ለትራክ ግን የለም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በቲኬት፣ ማለትም በትራፊክ ቅጣት ወረቀት ነው። በትራክ ከገደቡ 15 ማይል በሰዓት (24 ኪሎ ሜትር ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ መፍጠን፣ ከፊት ያለውን መኪና ተጠግቶ መንዳት፣ ያለ አግባብ መስመር መቀየር፣ ስልክ በእጅ ይዞ ማውራት ወይም መጻፍ፣ እነዚህ ሁሉ "ከባድ ጥፋት" ተብለው ይቆጠራሉ። በ3 ዓመት ውስጥ ሁለት ከሆኑ 60 ቀን፣ ሦስት ከሆኑ 120 ቀን እገዳ ነው። በቤት መኪና የተፈጸመው የሚደመረው ተራ መንጃ ፈቃዱን ካሳገደ ነው። ቲኬቱ ርካሽ ነው ብሎ በኢንተርኔት መክፈል ጥፋቱን እንደማመን ስለሚያዝ ከመክፈል በፊት ጥፋቱ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ማንበብና ጠበቃ መጠየቅ ይበጃል። ለሌላው ሾፌር ኮርስ ወስዶ ቲኬቱ ከሪከርድ የሚቀርበት መንገድ አለ፤ ሲዲኤል ላለው ሰው ግን የፌዴራል ሕጉ ይህን ይከለክላል። ከፓርኪንግ በቀር የትኛውንም ፍርድ በ30 ቀን ውስጥ ለቀጣሪ ማሳወቅም ግዴታ ነው።

ድርጅት ቀይሬ አመልጣለሁ ማለትም አልቋል። እ.ኤ.አ. ከጥር 6 ቀን 2020 ጀምሮ በአልኮልና በዕፅ ምርመራ የወደቁ ሾፌሮች የሚመዘገቡበት ክሊሪንግሀውስ የሚባል የፌዴራል መዝገብ አለ፤ ቀጣሪ ሁሉ ሳያየው አይቀጥርም። በምርመራ የወደቀ ሾፌር ሳፕ ከሚባል የተመዘገበ የሱስ ጉዳይ ባለሙያ ዘንድ ይቀርባል፣ የታዘዘለትን ትምህርት ወይም ሕክምና ይጨርሳል፣ እንደገና ይገመገማል፣ ከዚያ ለአልኮል ከ0.02 በታች ማምጣት አለበት። ሥራ ከተመለሰ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ቢያንስ 6 ድንገተኛ ምርመራ ይጠብቀዋል። ከኅዳር 18 ቀን 2024 ወዲህ ይህን ያልጨረሰ ሰው ሲዲኤሉ ራሱ ይነሳበታል።

ስለ ጫት ለጅማ ልጅ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። እዚህ በኮባ ተጠቅልሎ በየመንገዱ የሚሸጠው እርጥብ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ እርከን የተመደበ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሾፌር ይህን ቅጠል ቅሞ መንዳት ቀርቶ ጋቢና ውስጥ ማስቀመጥም አይችልም። ለወዳጆች አከፋፍላለሁ ብሎ በየትኛውም መኪና የጫነ፣ በከባድ ወንጀል ከተፈረደበት ሲዲኤሉ ለዕድሜ ልክ ይሄዳል፤ ያ የ10 ዓመቱ ዕድልም ለእሱ አይሠራም።