አራተኛዋ መርከብ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ውስጥ በ1667 የተሣለ አንድ ትልቅ ሥዕል አለ። ሦስት የሆላንድ መርከቦች ማዕበል ይዟቸው ወደ ዓለት እየተገፉ ነው። ከፊት ለፊት ደግሞ ውሃው ላይ የተሰበረ ምሰሶ ይንሳፈፋል። የአራተኛዋ መርከብ ነው። እሷ ሰጥማለች።

ሠዓሊው ሉዶልፍ ባክሃውዘን ይባላል። እሱም የሰው አገር ሰው ነበር። ጀርመን ውስጥ ኤምደን ተወልዶ፣ በወጣትነቱ አምስተርዳም ገብቶ በጸሐፊነት ሠርቷል። ማዕበል ሲነሣ በትንሽ ጀልባ ወጥቶ ሞገዱን ያጠና ነበር ይላሉ ታሪኩን የጻፉት። እኔ አምናለሁ። አረፋው በነፋስ ተገርፎ ሲበተን ልክ እንደሣለው ነው።

ከጅቡቲዋ የባሕር ዳር ከተማ ከኦቦክ ወደ የመን የተሻገርኩት በሌሊት ነው። ጉልበታችንን አቅፈን አንዳችን በሌላችን እግር መሃል ተቀመጥን። የተነቃነቀ ይመታል፤ ጀልባዋ እንዳትገለበጥ። የሚገባውን ውሃ በተቆረጠ ጄሪካን እየቀዳን እንደፋለን። የጄሪካኑ ጠርዝ መዳፌን ቆራርጦት ስለነበር ጨው ሲነካው ያንገበግበኛል። አብሮን የተነሣ ሌላ ጀልባ ነበር። እኛ ደረስን፣ እነሱ አልደረሱም። ከመሳፈራችን በፊት ብስኩቱን ለሁለት ከፍሎ የሰጠኝ የከሚሴ ልጅ እዚያ ውስጥ ነበር። ሳዑዲ ሠርቶ የእናቱን ቤት ቆርቆሮ ሊያለብስ ነበር ሐሳቡ።

እናቱን አሁንም በስልክ አገኛቸዋለሁ። «ሌላ መርከብ አንሥቶት ይሆን?» ይሉኛል። እኔ ያየሁትን ብቻ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በላይ ምን ልበል?

ከየመን ስንት ውጣ ውረድ አልፌ አሜሪካ ገባሁ። እዚህ ሰው ስለ መንገዱ ሲጠይቀኝ መስማት የሚፈልገው መጨረሻውን ነው። «እንኳን ደረስክ፣ ተመስገን» ይለኛል። ተመስገን፣ እውነት ነው። ስላልደረሱት ግን ማንም አይጠይቀኝም። ይሄ ያመኛል።

ሥዕሉም ላይ ደመናው በአንድ በኩል ተከፍቶ ወርቃማ ብርሃን ገብቷል። አብራኝ የሄደችው የአክስቴ ልጅ «ሊያባራ ነው እኮ!» አለች። ልክ ናት። ባክሃውዘን ግን ምሰሶውን ከፊት ነው ያደረገው። እሱን ሳያዩ ወደ ብርሃኑ ማለፍ አይቻልም። የምወደው ለዚህ ነው። ዲሲ ያላችሁ፣ ተሰቅሎ ካገኛችሁት እዩት፤ መግቢያው በነፃ ነው።