ድራሙ አሁንም እነ እማማ ቤት ነው

ደሴ፣ እሑድ ማታ

ዛሬ ከቀትር በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሸፈናት። ከቤት አልወጣሁም። ዳይኖሰር ጁኒየር የሚባለውን የአሜሪካ ሮክ ባንድ ስሰማ ዋልኩ። ስለዚህ ባንድ ልጽፍ ብዬ ስንቴ ጀምሬ ስንቴ ተውኩት። ስለ እነሱ ከጻፍኩ ስለ እኛም መጻፌ አይቀርማ።

እኛ ሦስት ነበርን። እኔ ሊድ ጊታር፣ አንዱ ጓደኛዬ ቤዝ፣ ሌላው ድራም። የጀመርነው በ2002 ዓ.ም. ነው። የምንለማመደው ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የድራመራችን እናት ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ነበር። እማማ እያልን ነው የምንጠራቸው። “ልጆቼ፣ ጆሮዬን ጨረሳችሁት፤ በሉ ኑ ቡና ጠጡ” ይሉናል። አቦሉን ጠጥተን እንመለሳለን። ቶናው ሲደርስ ደግሞ ይጠሩናል። መብራት በሄደ ቀን እስከ በረካው ቁጭ ነው።

የዳይኖሰር ጁኒየርን ሙዚቃ ያመጣልን ቤዚስታችን ነው። አዲስ አበባ ካለ የአክስቱ ልጅ በፍላሽ ገልብጦ። የመጀመሪያ ቀን ፋይሉ የተበላሸ መስሎን ነበር። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ዘፋኙ ገና ከእንቅልፉ የነቃ ይመስላል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር ግን አንጀት የሚበላ ዜማ አለ። እኛ ትዝታ ሲንጎራጎር እየሰማን ያደግን ነን። እንዲህ ያለ ዜማ የትም ቢደበቅ አያመልጠንም።

ታሪካቸውን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ስለ እነሱ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ የእኛው እንደ እኛው። በ1984 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ አምኸርስት በምትባል የኮሌጅ ከተማ ተመሠረቱ። ጄ ማስኪስ ጊታርና ድምፅ፣ ሉ ባርሎው ቤዝ፣ መርፍ ድራም። ስማቸው መጀመሪያ ዳይኖሰር ብቻ ነበር። ዳይኖሰርስ የሚባል ሌላ ባንድ በሕግ ሲጠይቃቸው ነው “ጁኒየር” የጨመሩበት።

ጄና ሉ ከዚያ በፊትም አንድ ባንድ ውስጥ አብረው ነበሩ። እዚያ ጄ ድራመር ነበር፤ ጊታሩን የያዘው ሉ ነው። እኔ ይህቺን ነገር አጥብቄ እይዛታለሁ። ጄ ጊታር ቢያነሳም ጆሮው የድራመር ጆሮ ሆኖ ቀረ። የየዘፈኑን ምት ራሱ ያወጣና መርፍን “እንዲህ ምታ” ይለዋል። መርፍ ይበሳጫል። ሉም ይከፋዋል። ጄ ደግሞ ዝም። እንደዚያ ሆነው ከ1985 እስከ 1988 ሦስት አልበም አወጡ፤ ሦስቱም በትናንሽ ነጻ አሳታሚዎች።

በ1989 ሉን “ባንዱ ፈርሷል” አሉት። ባንዱ ግን አልፈረሰም። ያለ እሱ ቀጠለ።

ከዚያ ነገሩ ተገለባበጠ። ጄ ከትልቅ ኩባንያ ጋር ፈረመ። በ1991 በወጣው አልበም አብዛኛውን መሣሪያ ብቻውን ተጫወተ። በ1993 መርፍም ወጣ። በ1997 ጄ የባንዱን ስም ራሱ ተወው። የተባረረው ሉ ደግሞ ሴባዶ የሚባል ባንድ ይዞ ብሶቱን ሲዘፍን ቆየ፤ ፎክ ኢምፕሎዥን በሚባለው ሌላ ሥራው ደግሞ በአሜሪካ የዘፈን ሠንጠረዥ ላይ ከ1 እስከ 30 ባለው ውስጥ የገባ ዘፈን ወጣለት።

እኔ ይህን እያነበብኩ ለሉ ስናደድለት ኖርኩ። “ምን ዓይነት ሰው ጓደኛውን ዋሽቶ ያባርራል?” እል ነበር። እኔ የጄ ቦታ ላይ እንደነበርኩ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

ድራመራችን መንዙማ በሚባልበት ቤት ነው ያደገው። አያቱ ድቤ ይመቱ ነበር። እጁ ሳያስበው ወደ ችክችካ ይሄዳል። እኔ ደግሞ “ቀጥ አድርገህ ምታ፤ ሮክ እንዲህ አይደለም” እለዋለሁ። በየልምምዱ፣ በየዘፈኑ። በጣቴ ጠረጴዛ እየመታሁ አሳየው ነበር። ለእሱ! አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ከቤዚስቱም ጋር አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት እንጣላ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የሮክ ጊታር ዋና ዘዴ መነሻውን ድምፅ ከአምስተኛው ጋር (መነሻው ዶ ከሆነ ከሶል ጋር) አብሮ መምታት ነው። ጊታሩን በሚያስጓራው ዲስቶርሽን ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው እሱ ነው። አምባሰል ይህን አምስተኛ ድምፅ አለው። ባቲም አለው። ሁለቱ የአገራችንን የወሎን ቦታዎች ስም የያዙ ቅኝቶች ለጊታሬ ታዘዙልኝ። አንቺሆዬ ግን እምቢ አለ። በአምስተኛው ፋንታ ያለው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ነው። እኔ ለድምቀት ብዬ አምስተኛውን አስገባለሁ። ቤዚስቱ እጁን ያቆማል። “ይኼ አንቺሆዬ አይደለም” ይላል። ልክ ነበር።

ገንዘብም አልነበረም። ለሠርግ አንድ ኦርጋንና አንድ ዘፋኝ ይበቃል። ሦስት ሰው ከነድራሙ በአይሱዙ አስጭኖ ኮምቦልቻ የሚያወርድ ሙሽራ የለም። ግን የፈረስነው በገንዘብ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. አንድ ቀን ለድራመሩ “የዚህ ሳምንት ልምምድ ቀርቷል፤ እደውልልሃለሁ” አልኩት። አልደወልኩም። በወሩ ሌላ ልጅ አምጥቼ ባዛር ላይ ተጫወትን። መጥቶ ከኋላ ቆሞ አየን። ምንም ሳይለኝ ሄደ። አዲሱ ልጅ ያልኩትን ሁሉ ይመታል። አንድም ዘፈን ሕይወት አልነበረውም። በዓመቱ ቤዚስቱ ሳዑዲ ገባ፤ ሁሉም ነገር በዚያው ቀረ።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ገባ። እኔ ወደ አዲስ አበባ ሸሸሁ። ከተማው ኅዳር መጨረሻ ሲለቀቅ ተመለስኩ። ጊታሬም አምፕሊፋየሬም አልነበሩም። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ድራሙ ግን ተርፏል። እማማ ሰርቪሷ ውስጥ በጆንያ ሸፍነው ማገዶ ቆልለውበት ነበር። “የልጄ ነው፤ የእናንተም ነው” አሉኝ። ያን ቀን እሳቸውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

የእነ ጄን መጨረሻ አልነገርኳችሁም። ጄ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አልበሞች መብት አስመለሰ፤ በ2005 እንደገና ታተሙ። በዚያው ዓመት ሦስቱም አንድ መድረክ ላይ ወጡ። ጄ፣ ሉ፣ መርፍ። ከተባረረ አሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ሉ ከዚያው ሰውዬ አጠገብ ቆሞ ቤዙን ያዘ። ከ2007 እስከ 2021 አምስት አልበም ሠሩ። ከመጣላታቸው በፊት የሠሩት ሦስት፣ ከታረቁ በኋላ አምስት። ይህን የቆጠርኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ባለፈው ሳምንት ለድራመራችን ደወልኩለት። አሁን ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። “አስቀይሜሃለሁ፤ ይቅር በለኝ” አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ “ቅዳሜ ሐረጎ ላይ ጉም ካልያዘኝ ስድስት ሰዓት እዚያ ነኝ። እማዬን ቡና አፍይ በላት” አለኝ።

ትናንት መጣ። ማገዶውን አብረን አነሳን። አቧራውን በነጠላ ጫፍ ጠረግነው፤ እማማ ተቆጡን። ጊታር ተውሼ ነበር። አንቺሆዬ ጀመርኩ። እንዴት እንደሚመታ አልነገርኩትም። ቀስ ብሎ በችክችካ ገባ። እኔ ስንት ዓመት ስፈልገው የነበረው ድምፅ ያ ኖሯል። ሁለት ጊዜ ሳትኩ፤ እሱ ጠበቀኝ። እማማ ጀበናውን ይዘው በር ላይ ቆሙና “ሦስተኛችሁስ?” አሉ።

በስልክ ቀድተን በቴሌግራም ላክንለት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በድምፅ መለሰ። መጀመሪያ ሲስቅ ይሰማል፤ ከዚያ ትንሽ ዝም ይላል።

“ወንድሜ፣ ያቺን አምስተኛ ድምፅ አሁንም አልተውካትም?”

አልመታኋትም ብዬ ልመልስለት ነበር። ደግሜ ሰማሁት። መትቻታለሁ።