ከ12 ፔንስ እስከ 20 ፓውንድ፦ በኤልሳቤጥ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን የመቅረት ዋጋ

ስለ እንግሊዟ ንግሥት ስለ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የሚጻፈው አብዛኛው ታሪክ ሳታገባ በመኖሯና በ1588 በተመለሰው የስፔን የባሕር ጦር ላይ ያተኩራል። እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚስበኝ ተራ የሚመስል አንድ የሕግ አንቀጽ ነው፤ እርሱም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያልተገኘ ሰው የሚከፍለው መቀጮ ነው። ይህ መቀጮ እንዴት እንዳደገ የተከታተለ ሰው፣ ያ መንግሥት ከተገዢዎቹ ምን ይፈልግ እንደነበረና ፍላጎቱ መቼ እንደተለወጠ በግልጽ ያያል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤልሳቤጥ በ1558 በ25 ዓመቷ ስትነግሥ፣ አገሪቱ አንድ ትውልድ እንኳ ሳያልፍ ሦስት ጊዜ የሃይማኖት ለውጥ አይታ ነበር። አባቷ ሄንሪ 8ኛ በ1534 ከሮማ ተለየ፤ ወንድሟ ኤድዋርድ ሕዝቡን ወደ ፕሮቴስታንት እምነት ወሰደው፤ እኅቷ ሜሪ ደግሞ ወደ ሮማ መልሳ 280 ያህል ፕሮቴስታንቶችን በእሳት አስቃጠለች። በዚህ ሁሉ መካከል በአንድ ደብር የቆየ ቄስ ጸሎቱን ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ መልሶ ወደ ላቲን ቀይሯል ማለት ነው፤ አሁን ደግሞ እንደገና እንግሊዝኛ ሊጠየቅ ነበር።

በ1559 ፓርላማው ሁለት ሕጎች አወጣ። አንደኛው ንግሥቲቱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ገዢ አደረጋት፤ ሁለተኛው በመላ አገሪቱ አንድ የጸሎት መጽሐፍ ብቻ እንዲሠራበት አዘዘ። ሁለተኛው ሕግ በመኳንንቱ ምክር ቤት ያለፈው በሦስት ድምፅ ብልጫ ብቻ ሲሆን፣ ከጳጳሳቱ አንድም የደገፈው አልነበረም። ከሜሪ ዘመን ጳጳሳት የንግሥቲቱን የበላይነት የሚያረጋግጠውን አዲሱን መሐላ ተቀብሎ በመንበሩ የቀረው የላንዳፉ ብቻ ነው፤ የቀሩት ከሹመታቸው ተሻሩ፣ ነገር ግን አንዳቸውም በሞት አልተቀጡም።

በዚሁ በሁለተኛው ሕግ መሠረት እሑድ የቀረ ሰው 12 ፔንስ ይከፍላል፤ ገንዘቡም ለደብሩ ድሆች ይውላል። የሕጉ ጥያቄ ሰውዬው በልቡ ምን እንደሚያምን ሳይሆን እሑድ ጠዋት የት እንደነበረ ነው። ስለዚህ ብዙ የካቶሊክ ቤተሰቦች መላ አበጁ፤ ባል ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሕጉን ይፈጽማል፣ በስሟ ንብረት የሌላት ሚስት ግን ቤት ቀርታ ልጆቹን በአሮጌው እምነት ታሳድጋለች። ንግሥቲቱ ራሷ በግል የጸሎት ቤቷ መስቀልና ሻማ አኑራ የገዛ ጳጳሳቷን ታስቆጣ ነበር፤ የካቶሊክነቱ ነገር የታወቀው የሙዚቃ ደራሲ ዊልያም በርድም በዚያው ቤት ያገለግል ነበር።

ይህን ዝግጅት ያፈረሰው በእኔ አስተያየት ከለንደን ይልቅ የሮማ ውሳኔ ነው። በ1568 የኤልሳቤጥ ካቶሊክ ዘመድና የዙፋኗ ተፎካካሪ የሆነችው የስኮትላንዷ ሜሪ ስቱዋርት ሸሽታ እንግሊዝ ገባች፤ በሚቀጥለው ዓመት የሰሜን መኳንንት አምፀው በደርሃም ካቴድራል የላቲኑን ቅዳሴ አስቀደሱ። አመፁ ከከሸፈ በኋላ፣ በ1570፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ ኤልሳቤጥን አወገዘ፤ ከዙፋኗ መውረዷን ዐውጆ ተገዢዎቿን ከመሐላቸው ፈታ፤ የሚታዘዟትንም በውግዘቱ ጨመረ። ዐዋጁ አንድ ወታደር እንኳ ሳያስከትል፣ ከእሑድ እስከ እሑድ በዝምታ ይኖር የነበረውን የካቶሊክ ገበሬ በአንድ ቀን በአገር ክህደት የሚጠረጠር ሰው አደረገው። ፒዮስ በእንግሊዝ ካቶሊኮች ላይ ያደረሰው ጉዳት የንግሥቲቱ ዋና አማካሪ ዊልያም ሴሲል ካደረሰው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሴሲልም አጋጣሚውን አልጣለም። በ1580 ኢየሱሳውያን የተባለው የካቶሊክ ማኅበር ካህናት በስውር መግባት ሲጀምሩ፣ የ1581ዱ ፓርላማ መቀጮውን በወር 20 ፓውንድ አደረሰው፤ በዚያ ዘመን አንድ ፓውንድ 240 ፔንስ ስለነበረ፣ ይህ በአራት እሑድ ሲሰላ ከቀድሞው 100 እጥፍ ነው። ሙሉውን መክፈል የቻሉት ጥቂት ባለጠጎች ብቻ ነበሩ፤ ያልከፈለ ደግሞ በ1587 በወጣው ሕግ ከመሬቱ ሁለት ሦስተኛውን ይነጠቅ ጀመር። ከእነዚህ ካህናት አንዱ ኤድመንድ ካምፒየን በ1581 ሲገደል ሴሲል የሚለው፣ ሰው የሚቀጣው ስለ አገር ክህደቱ እንጂ ስለ እምነቱ አይደለም ነው። ይህ ክርክር እስከዚያ ድረስ ጥቂት እውነት ነበረው። በ1585 ግን በሮማ ሥልጣን ባሕር ማዶ የተካነ እንግሊዛዊ ካህን በአገሩ መገኘቱ ብቻ እንደ አገር ክህደት ተቆጠረ፤ ምንም ሳያሤር ክህነቱ ራሱ ወንጀል ሆነ። የተያዙ ካህናት ይጠየቁ የነበረውም፣ ሮማ ጦር ብትልክ ከማን ወገን እንደሚቆሙ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ያልተሠራን ወንጀል ከሰው ልብ ለማውጣት የተዘጋጀ ነው።

የሜሪ ስቱዋርት መጨረሻም ከዚሁ የመጣ ነው። በ1586 ኤልሳቤጥን ለመግደል በተጠነሰሰው በባቢንግተን ሤራ ደብዳቤዋ በንግሥቲቱ የስለላ አለቃ በፍራንሲስ ዎልሲንግሃም ሰዎች እጅ ገባ፤ በየካቲት 1587 አንገቷ ተቀላ። ኤልሳቤጥ የሞት ትእዛዙን ፈርማ ሳለ፣ ትእዛዙን ያስተላለፈውን ጸሐፊዋን ዴቪሰንን አሰረችው። መወሰንን ለሌላ መተው የቆየ ልማዷ ነበር።

ታዛዥነቱ ከፕሮቴስታንቶችም ይጠየቅ እንደነበር አይዘነጋም። ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ ግሪንዳል የካህናትን የስብከት ጉባኤ አልዘጋም ብሎ በ1577 ከሥራው ታገደ፤ በ1593 ደግሞ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የተለዩት ባሮው፣ ግሪንውድና ፔንሪ ተሰቀሉ።

በጥር 1603፣ ንግሥቲቱ ልትሞት ሁለት ወር ያህል ሲቀራት፣ 13 የካቶሊክ ካህናት አንድ ጽሑፍ ፈረሙ፤ በመንፈሳዊ ነገር ለሮማ፣ በምድራዊው ግን ለኤልሳቤጥ እንደሚታዘዙ፣ ወራሪ ቢመጣም ከእርሷ ጋር እንደሚቆሙ አረጋገጡ። ከፈራሚዎቹ ሁለቱ፣ ሮበርት ድሩሪና ሮጀር ካድዋላዶር፣ በተከታዩ ንጉሥ በጄምስ ዘመን ስለ ክህነታቸው ተገድለዋል።